ከአምስት ቀን በላይ

ሰኞ፣ 4

ዛሬም ጠረጴዛ ላይ ነኝ። አሥራ አንደኛ ቀኔ።

ይህን ደብተር ያገኘሁት ከልጄ የአምና ደብተሮች መካከል ነው። ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር፤ ባዶ ወረቀት መጣል ደግሞ አልወድም። ቀኖቹም እየተምታቱብኝ ነው። መቼ እንደጀመረኝ፣ መቼ እንደቆመ እዚህ ከጻፍኩት ከራሴ ጋር አልጨቃጨቅም።

ጠረጴዛ የምለው እንዲህ ነው። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስድስት ሴቶች ነን። ከባዱ ሥራ እርጥብ ጋሪ መግፋት ነው። ከማሽን የወጣ አንሶላ ድንጋይ ነው፤ የጋሪው አንድ ጎማ ደግሞ ወደ ግራ ካልሄድኩ ይላል። ቀላሉ ሥራ መስኮቱ ሥር ካለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ የደረቀውን ማጠፍ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሴቶች አንድ ደንብ ትተውልናል፦ የወር አበባዋ የመጣባት ሳትናገር ጠረጴዛው ጋ ትሄዳለች፣ ማንም አይጠይቃትም፣ ጋሪዋን ሌላዋ ትገፋላታለች። "ጠረጴዛ ላይ ነኝ" ካልን በቃ፣ ገብቶናል። ለአምስት ቀን ነው።

አምስት ቀን። እኔ አሥራ አንድ ሆነኝ። ከዚህኛው በፊት የነበረው ካለቀ ደግሞ አሥር ቀን እንኳ አልሞላውም ነበር። ዕድሜ ነው። አርባ አራት ሞልቶኛል።

ረቡዕ፣ 6

ከማድረቂያው ጀርባ ጫማዬን ስቀይር ሰማሁ። ከመጣች አራት ወር ያልሞላት አዲሷ ልጅ ናት። "እሷማ ጠረጴዛውን ወርሳዋለች፤ የእኛ ወገብ ይቆረጥ እንጂ" አለች። አንዷ ሳቀች። ማን እንደሆነች አላየሁም። እንፋሎት ባትሆን ብዬ ተመኘሁ።

እንፋሎት ጓደኛዬ ናት። መተኮሻው ላይ ነው የምትሠራው፤ ስትቆጣ ከማሽኗ በላይ ስለምታፏጭ ነው ስሙን ያወጣንላት።

ልጅቷ ውሸት አልተናገረችም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ እል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ሰነፍ ተብዬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ።

ሐሙስ፣ 7

ጋሪ ገፋሁ። አራት ዙር። ሁለት ሞዴስ ደርቤ፣ ከሽርጡ ሥር ጥቁር ቀሚስ።

አዲሷ ልጅ አየችኝ።

እሁድ፣ 10

ትናንት ቆመ። በጠቅላላው አሥራ ስድስት ቀን። ቆመ አይደል? ለዚህ ነው ያንን ሁሉ ሐሳብ የተሸከምኩት።

እረፍት ስለሆንኩ በእርጋታ ልጻፍ። እኔን ደም አያስደነግጠኝም። የሆስፒታሉን ክፍሎች የማውቃቸው በአንሶላቸው ነው። የወሊድ ክፍል ከረጢት ጠዋት ሲመጣ ከባድ ነው። የቀዶ ጥገናው ጨርቅ አረንጓዴ ነው። የሕፃናቱ ወተት ወተት ይላል። ሕመምተኞቹን አላውቃቸውም፤ በኋላ በር ገብቼ በኋላ በር እወጣለሁ፣ የፊቱን ደረጃ ረግጬው አላውቅም። ከወሊድ ክፍል በአንድ ጠዋት ከሚመጣው ጋር ሲተያይ የእኔ ምኑ ነው? ጠብታ።

ደም ትኩስ ውሃ ካገኘው ከጨርቅ አይለቅም። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨው፣ ከዚያ ትዕግሥት። ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃችን ላሳይሽ ስትል ቀድሜ ሠርቼ አሳየኋት። ማን አስተማረሽ ብላኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

እንፋሎት ሴት በዚህ ዕድሜ እንዲህ ናት፣ አንዴ ይጎርፋል አንዴ ይደርቃል፣ ከዚያ ይገላግላል ትላለች። አክስቶቿ ሁሉ እንዲሁ ሆነው ነው ያረጡት። ስንት ቀን እንደፈሰሰኝ ግን አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ 15

መጣ። ያረፍኩት አምስት ቀን ብቻ ነው።

የረጋ አለው። የአውራ ጣቴን ያህል፣ አንዳንዱም ይበልጣል።

ወደ ጠረጴዛው አልሄድኩም። ደረጃው ላይ ልቤ እንደ ከበሮ መታብኝ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው።

ማክሰኞ፣ 19

ልጄ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ በር ላይ ቆመች። የእሷ ከመጣ ሃምሳ ቀን አልፎታል። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከጀመራት ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ቢሆናት ነው።

እናት ነኝ፣ ወዲያው የመጣልኝን ክፉ ነገር ጠየቅኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለና እንዲህ ማሰቤ እንደሚያሳፍራት ነገረችኝ። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ ራትሽን ብይ አልኳት። ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ።

አለቃችንን ለሐሙስ ፈቃድ ጠየቅኳት። ቃሌን ሳልጨርስ ሰጠችኝ። ለልጅ ሲሆን ፈቃድ መጠየቅ እንዴት ይቀላል።

ሐሙስ፣ 21

ጤና ጣቢያ ሄድን። የእኛ ሆስፒታል አይደለም፤ ከሰፈራችን ሁለት ፌርማታ ነው።

ነርሷ ወጣት ናት፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ጠረጴዛዋ ላይ ትፈልገዋለች። የምታናግረው እኔን ሳይሆን ልጄን ነው። እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ፣ ፈተና ላይ ነሽ ወይ፣ በቅርቡ ከስተሻል ወይ። ከዚያ እኔን በትሕትና ወደ ውጭ አስወጣችኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የጣሪያውን ሰሌዳ ቆጠርኩ። ስመለስ ሁለቱም ይስቁ ነበር። የሽንት ምርመራውም ምንም የለውም።

የሚያስጨንቅ አይደለም አለችን። የወር አበባ ከጀመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ሰውነት ገና እየተለማመደ ስለሆነ ቀኑን ቢያዛባ አይገርምም። በልጆች ከሃያ አንድ እስከ አርባ አምስት ቀን ይለዋወጣል፣ ጭንቀትና ክብደትም ያዘገዩታል። ሦስት ወር ሙሉ ከቀረ ግን ተመልሳ ትምጣ። የመጀመሪያውን ቀን ምልክት የምታደርግበት ባለ ሣጥን ወረቀት ሰጠቻት።

እዚህ ላይ ብታበቃ ጥሩ ነበር። ነርሷ ግን ወሬዋን ቀጠለች፤ መነጽሯን አግኝታ አደረገችና ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱትን በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ከሰባት ቀን በላይ የሚፈስ። በሰዓት በሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር። ትልልቅ የረጋ ደም። ካቆመ በኋላ በመሃል የሚመጣ፣ ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ ከሃያ አንድ ቀን የሚያንስ። ማዞር፣ ድካም፣ የልብ ምት። በጣቷ ስትቆጥር እኔም ሳላስበው ጉልበቴ ላይ በጣቴ እቆጥር ነበር። እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"እርስዎስ እናት፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ።

"እኔ ደህና ነኝ" አልኳት።

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ለቀቀችልኝ። ወትሮ እንዲህ ያለ ልማድ የላትም።

እሁድ፣ 24

ልጄ ከአልጋዬ ሥር መጥረጊያ ስታስገባ የደበቅኩትን ሳፋ አገኘችው። ደም የነካውን ጨርቄን ጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌበት ነበር። "እማ፣ ይሄ የማን ነው?" አለች።

ከሥራ ያመጣሁት ጨርቅ ነው፣ አልለቅ ስላለ ነው አልኳት። ከሥራችን ክር እንኳ ይዘን እንደማንወጣ ታውቃለች። እሺ ብላ ሳፋውን ወደ ቦታው ገፋችው። አመነችኝ መሰለኝ።

ከዚያ ሐኪም ለምን እንደማልወድ ጠየቀችኝ። አያቷ ሆስፒታል ገብታ እንዳልወጣች ነገርኳት። በምን ሞተች አለች። ሴቶች በዚያን ጊዜ በብዙ ነገር ይሞቱ ነበር ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። የምሠራው ነገር አልነበረኝም፤ ብርጭቆዎቹን ደግሜ አጠብኳቸው።

ረቡዕ፣ 27

እንፋሎት በምሳ ሰዓት የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልብጣ አየችው። እንደ እኛ አንሶላ ነጭ ነው አለችና ፏጨች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሰምተሻል አንቺ ሴት?"

ተረት ይቀላታል። ቆሞ መተኮስ ያስለመዳት ነገር ነው፣ ሁሉን ሰው ቀጥ ማድረግ ትፈልጋለች። ሥጋና ቅጠላ ቅጠል እበላለሁ አልኳት።

ነገር ግን ቤት ስገባ ደረጃው ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ። የጎረቤት ልጆች በሁለት እርምጃ የሚጨርሱት ደረጃ ነው።

ቅዳሜ፣ 30

አሥራ ስድስተኛ ቀን። ያለፈው በአሥራ ስድስት ቆሞ ነበር። ዛሬ ይቆማል።

እሁድ፣ 1

አልቆመም።

ማክሰኞ፣ 3

ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉን የፊት በር በመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። የሚወጣውን መቁጠር ጀመርኩ። ብዙ ሰው ነው የሚወጣው። ከዚያ ሰዓት ሞላና በጀርባው ዞሬ ሥራ ገባሁ።

እግሬ ለምን እንደማይሄድልኝ አውቃለሁ። ብገባ የሚነግሩኝ ቃል አለ፣ እሱን እፈራለሁ። ልጄ ከእኔ በቀር በአጠገቧ ማን አላት? አባቷ ባሕር ማዶ ሠራተኛ ነው፤ በስልክ ድምፁ እንኳ እየቆየ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ ሁሉ ቃሉን ካልሰማሁት የሌለ ይመስለኛል። ይህን ስጽፈው ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ ይታየኛል። ነገም ግን እንዲሁ አደርጋለሁ።

ረቡዕ፣ 4

አዋረደችኝ።

የወለድኳት ልጅ በሥራ ባልደረቦቼ ፊት አዋረደችኝ። አሁን መጻፍ አልችልም፣ ክንዴ ላይ መርፌ አለ።

ሐሙስ፣ 5

ክፍል አራት፣ መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ። ከትናንት ይልቅ ዛሬ እጄ የራሴ ይመስላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ትናንት ሦስተኛውን ዙር ስገፋ የኋላው በር ተከፈተ፤ ልጄ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ቆማለች። እኔ አንድ ነገር ሆና ነው ብዬ ጋሪውን ለቀቅኩት። እሷ ግን እኔን አልፋኝ አለቃችን ፊት ቆመች። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ነበረባት።

"እናቴ ሃያ ቀን ሙሉ ደም እየፈሰሳት ነው" አለች። "ከዚያ በፊትም አሥራ ስድስት ቀን። እሷ አልነገረችኝም፣ ቆጥሬ ነው። ነርሷ ዘንድ ብቻዬን ሄጄ ጠይቄያለሁ፣ ዛሬውኑ መታየት አለባት ብላለች።"

አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። ልጄን ውጪ አልኳት። "ወደ ቤት ሂጂ፣ አዋረድሽኝ" አልኳት። እያለቀሰች "አልሄድም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ወለሉ ወደ ግራ ሲሄድ ትዝ ይለኛል።

ተሽከርካሪ ወንበሩን ሮጣ ያመጣችው አዲሷ ልጅ ናት። የገፋችውም እሷ ናት፤ እንፋሎት መንገድ ልቀቁ እያለች ከፊት ፊት ትሄዳለች፣ ልጄ እጄን ይዛለች። በፊት በር ገባሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልገባሁበትን በር በአንድ ደቂቃ ገባሁት፣ ያውም እየተገፋሁ።

የደሜ መጠን ስድስት ነጥብ ሁለት ነው። ቢያንስ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። ሐኪሟ ቁጥሩን ደግማ አነበበችና በዚህ ጉልበት ጋሪ ስትገፊ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

ዕድሜዬ ነው መስሎኝ አልኳት። ከአርባ በኋላ የወር አበባ ቀኑን ማዛባቱ እውነት ነው አለችኝ፤ መዛባት ሌላ፣ እንዲህ መፍሰስ ሌላ። "ዕድሜ ነው የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ደግሞ አንቺ ራስሽ ቤት ተቀምጠሽ ልታውቂው አትችዪም።" በአልትራሳውንድ የማህፀኔ ውስጠኛው ሽፋን ወፍሮ ታይቷል። ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ከአሥር ቀን በኋላ ነው።

የፈራሁትን ቃል በአፌ ጠየቅኳት። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል አለች።

ቅዳሜ፣ 7

ደሙ በመድኃኒት ቆመ። ነገ ወደ ቤት።

አዲሷ ልጅ ብቻዋን ልትጠይቀኝ መጣች። የአንሶላውን ጠርዝ እያጠፈችና እየዘረጋች ስለዚያ ቀን ንግግሯ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ መስማቴን ከፊቴ አውቃ ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የእሷ ከመጣ አምስት ወር እንዳለፈው ነገረችኝ። እርጉዝ አይደለችም። ከመጣች ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ጠረጴዛ ላይ ቆማ አታውቅም፤ የእኔን መደጋገም ስታይ ተናዳ ነው። ለራሷም፣ ካልመጣ ጭራሽ ዕረፍት ነው ብላ ትታዋለች።

እኔ የእሷን መቅረት አላየሁ፣ እሷ የእኔን መብዛት። በአንድ ጋሪ ግራና ቀኝ ይዘን። ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ይይሽ አልኳት፣ ነርሷ ለልጄ ያለችውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር። አንቺ ልጅ፣ ሰኞ ሳትሄጂ እንዳላይሽ አልኳት። እንዲህ ብዬ ሰውን ለማዘዝ ምን ፊት አለኝ? ግን እሺ እትዬ አለችኝ።

ሐሙስ፣ 12

ልጄ ታበስላለች፣ ትጠርጋለች፣ ክኒኔን በሰዓቱ ትሰጠኛለች። አታናግረኝም። እኔም አላናግራትም። ሁለታችንም የምንጠብቀው ሰኞን ነው።

አዋረድሽኝ ያልኩትን ቃል በየሰዓቱ እሰማዋለሁ። እሷም እንደምትሰማው አውቃለሁ። አፌን እከፍትና ጨው ስጪኝ እላለሁ።

ሰኞ፣ 16

ካንሰር አይደለም።

ደግሜ ልጻፈው፣ ካንሰር አይደለም። ሽፋኑ ከልክ በላይ ወፍሯል፣ ሴሎቹም መለወጥ ጀምረው ነበር፤ ዝም ቢባል ውሎ አድሮ ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ዓይነት ነው። ክኒን ለወራት እወስዳለሁ፤ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ናሙና ይወሰዳል። የደም ማነሱም የራሱ ክኒን አለው።

ሐኪሟ ለልጄ "ባትናገሪ ኖሮ ይቺ እናት አሁንም ጋሪ ትገፋ ነበር" አለቻት። ልጄ ጫማዋን አየች።

እሁድ፣ 22

ዛሬ ነገርኳት። ስድስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከቆየሁበት አንጻር ግን ፈጣን ነኝ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ ጨርቆቿን በባልዲ ትሰጠኝና በጓሮ አጥባቸው ነበር። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጨው። ያስተማረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ በወር አንድ ሳምንት ነበር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ያላጠብኩበትን ቀን አላስታውስም። ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ ለአክስትሽም እንዳትነግሪ አለችኝ። ጎበዝ ልጅ ነበርኩ፣ አልነገርኩም። ጨርቁን ወፍ ሳይንጫጫ አጥቤ ከሌላው ልብስ ሥር አሰጣው ነበር። ሰባት ወር። ሆስፒታል ሲወስዷት እግሯ አይሸከማትም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሰው ሁሉ ሆስፒታሉ ገደላት አለ፤ እኔም አብሬ አልኩ፣ እንዲያ ማለት ይሻለኝ ነበርና።

ልጄ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

"ብትናገሪ ኖሮ ትድን ነበር?"

አላውቅም አልኳት። እውነቱም ይኸው ነው፣ አላውቅም። ምናልባት። አንቺ ግን ተናገርሽ፣ እኔ ደግሞ አዋረድሽኝ አልኩሽ፤ ይቅር በዪኝ አልኳት። ማልቀስ አልፈለግሁም፣ ግን አለቀስኩ።

ተነስታ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘችው።

"እማ፣ አንቺኮ ልጅ ነበርሽ" አለችኝ።

እስከ ዛሬ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም።